ኢሊያ ሜችኒኮቭና የእርጅና ሥነ ሕይወት ጥንስስ

እርጅና ለረጅም ዘመን የፈላስፎች፣ የሃይማኖት መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ሐኪሞች በሸመገለ አካል ላይ የሚያርፉትን በሽታዎች ቢያክሙም፣ እርጅናን ራሱን በቤተ ሙከራ የሚመረመር ጥያቄ አድርገው የያዙት ጥቂቶች ነበሩ። ጥያቄው የራሱ የትምህርት ዘርፍ እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ጄሮንቶሎጂ የሚለውን ስም ያወጣለት ኢሊያ ሜችኒኮቭ ነው። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1903 በፓሪስ በታተመው፣ የሰውን ልጅ ተፈጥሮ በሚመረምረው መጽሐፉ ነበር። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜችኒኮቭ በሕክምና የመማሪያ መጻሕፍት የሚነሣው በሌላ ሥራው ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወራሪ ተሕዋስያንን እንደሚውጡ ያሳየና ለዚህም የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሳይንቲስት ሆኖ። የእርጅና ጥናቱ ግን የአንድ ታላቅ ሰው የመጨረሻ ዘመን ምኞት ተደርጎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ እርጎ እየጠጣ ዕድሜውን ሊያስረዝም የሞከረ ሰው ተብሎ። ይህ አቀራረብ ሁለቱን ሥራዎች ያላግባብ ይነጣጥላል። የእርጅና መላ ምቱ የበቀለው ከዚያው ከሕዋሱ ግኝት ነው፤ ድክመቱም ብርታቱም የሚገለጠው ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው።

ሜችኒኮቭ በ1845 በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አካባቢ በሚገኝ የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ መኮንን፣ እናቱ ደግሞ አይሁዳዊ የዘር ሐረግ ካለው ቤተሰብ የተገኘች ነበረች። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በ1864 ተመረቀ፤ ወዲያውም ወደ ጀርመንና ወደ ጣሊያን ተሻገረ። ዳርዊን የዝርያዎችን አመጣጥ የሚመለከተውን መጽሐፉን ካሳተመ ገና ጥቂት ዓመታት በመሆናቸው፣ የጊዜው ወጣት የእንስሳት ተመራማሪዎች ዋና ጥያቄ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ፅንስ ከአከርካሪ ባለቤቶቹ ፅንስ ጋር ዝምድና እንዳለውና እንደሌለው ማረጋገጥ ነበር። ሜችኒኮቭም በኔፕልስ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር በዚሁ ጥያቄ ላይ ሠራ፤ ሁለቱም ለሥራቸው በስመ ጥሩ የፅንስ ተመራማሪ በቤር የተሰየመውን ሽልማት ተካፈሉ። በ1870 በ25 ዓመቱ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ያደረጋት አንዲት ትንሽ ምልከታ ለኋላው ሥራው መነሻ ሆናለች። በጀርመን ጊሰን ከተማ ሳለ አንድ ጠፍጣፋ ትል ምግቡን የሚያልመው በጨጓራ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን በየሕዋሱ ውስጥ ጭምር እንደሆነ አስተዋለ። ሕዋስ ራሱ በልቶ ራሱ ያልማል ማለት ነው። ከ17 ዓመት ያህል በኋላ ትልቁን ግኝቱን ሲያደርግ ያልተማረ ዓይን የማያየውን ሊያይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የግል ሕይወቱ ስለ ሞት ካለው አመለካከት ተለይቶ አይታይም። በ1869 ያገባት ሉድሚላ ፌዶሮቪች የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ስለነበረች ለሠርጓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተይዛ ነው። ሞቃት አየር ፍለጋ ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ቆይተው በ1873 በማዴይራ ደሴት ዐረፈች። ሜችኒኮቭ ከሐዘኑ የተነሣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሞርፊን ወሰደ፤ መጠኑ ከመብዛቱ የተነሣ ስላስመለሰው ተረፈ። በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦልጋ በታይፎይድ በጠና ስትታመም፣ እሱም በልብ ሕመምና በዩኒቨርሲቲው ሽኩቻ ተዳክሞ ነበርና፣ በ1881 የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው ሕመምተኛ የተወሰደ ደም በገዛ አካሉ ውስጥ አስገባ። ኦልጋ በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ እንደምትገልጸው፣ ሞቱ ለሳይንስ አንድ ጥቅም እንዲኖረው፣ በሽታው በደም መተላለፍ አለመተላለፉን ለማሳየት አስቦ ነበር። ታሞ ዳነ። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት ዛሬ ከቀሩበት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ ሜችኒኮቭ ምን ዓይነት አደጋ ላይ ራሱን እንደጣለ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለት ጊዜ ሞትን የሻተ ሰው ቀሪ ዘመኑን ሕይወትን የማስረዘም ጠበቃ ሆኖ ማሳለፉ ብዙ ጸሐፊዎችን አስገርሟል። በቤተሰቡም ሞት ደጋግሞ ገብቷል። ዳኛ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ኢቫን በ1881 ሲሞት፣ ሊዮ ቶልስቶይ የኢቫን ኢሊች ሞት በተሰኘው ልቦለዱ ላለው ባለታሪክ መነሻ ያደረገው እሱን ነው። ቶልስቶይ ያንን ሞት የነፍስ ጥያቄ አደረገው፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ የሥነ ሕይወት ጥያቄ። ሁለቱ በ1909 በቶልስቶይ ርስት ተገናኝተው ተወያይተዋል፤ ሳይስማሙም ተለያይተዋል።

የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ዳግማዊ በ1881 ከተገደለ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የፖለቲካ መታመሻ ሆኑ። ሜችኒኮቭ በ1882 ሥራውን ለቅቆ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ መሲና ሄደ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ከሳሎኑ ከፋፍሎ ባቆመው ቤተ ሙከራ፣ እንደ ብርጭቆ ብርሃን በሚያሳልፈው የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሕዋሳትን ሲመለከት አንድ ሐሳብ መጣለት። እነዚህ ሕዋሳት ምግብ የሚያልሙ ብቻ ሳይሆኑ ባዕድ ነገርን የሚከላከሉ ቢሆኑስ? ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ስንጥር ከተሰካበት የእጩ አካል ዙሪያ፣ በሰው ጣት ላይ እሾህ ሲገባ መግል እንደሚቋጥረው ሁሉ፣ ሕዋሳቱ ሊሰበሰቡ ይገባል። ከአትክልት ስፍራው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ከእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። በማግሥቱ ጠዋት እሾሁ በሕዋሳት ተከቦ አገኘው።

የሙከራው ቅለት ያስደንቃል። የእጩ ሰውነት የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ የሕዋሳቱ መሰብሰብ ከደም ሥር መቁሰል ጋር ሊያያዝ አይችልም። ብግነትን የደም ሥር ክስተት አድርገው ያዩ ለነበሩት ሐኪሞች ይህ ብቻውን በቂ ተግዳሮት ነበር። በቪየና የእንስሳት ተመራማሪው ካርል ክላውስ እነዚህን በላተኛ ሕዋሳት በግሪክኛ ፋጎሳይት ብሎ ለመጥራት ሐሳብ አቀረበ። ሜችኒኮቭ ቀጥሎ ዳፍኒያ በተባለች ጥቃቅን የውኃ እንስሳ ላይ፣ ከእርሾ ወገን የሆነ ጥገኛ ፈንገስና የእንስሳዋ ሕዋሳት የሚያደርጉትን ትግል አሳየ፤ ሕዋሳቱ ከዋጡት እንስሳዋ ትተርፋለች፣ ካልዋጡት ትሞታለች።

ሐሳቡ በቀላሉ አልተቀበሉትም። በተለይ የጀርመን ሊቃውንት መከላከያው ያለው በደም ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በሕዋስ ውስጥ አይደለም ይሉ ነበር፤ ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 የቴታነስንና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፍ ሴረም ሲያገኙም ክርክሩ ወደ እነሱ ያዘነበለ መሰለ። የኖቤል ሸንጎ በ1908 ሽልማቱን ለሜችኒኮቭና የደም ፈሳሹ ወገን ለነበረው ለፖል ኤርሊክ አካፍሎ መስጠቱ እንደ እርቅ ሊታይ ይችላል። ዛሬ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ታውቋል።

በ1886 የኦዴሳ ከተማ የባክቴሪያ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ቢሾምም፣ የሕክምና ዲግሪ ስለሌለው የከተማዋ ሐኪሞች አልታዘዙትም፤ ረዳቶቹ የሰጡት የአባ ሰንጋ ክትባትም ብዙ በጎች ገደለ። በ1888 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሉዊ ፓስተርን ተማጸነ። ፓስተር በአዲሱ ኢንስቲትዩት ውስጥ ቤተ ሙከራ ሰጠው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልወጣም። የዚያው ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ በኋላ በአዲስ አበባ ተከፍቶ ለዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሠረት የጣለ ሲሆን፣ ስሙም በጉለሌ በኩል ላለው ሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ እርጅና ያሻገረው መንገድ እንዲህ ነው። ፋጎሳይት ጠባቂ ነው፤ ግን የሚበላውን የሚመርጠው እንዴት ነው? ሜችኒኮቭ ገና ከመጀመሪያው፣ እንቁራሪትነት የሚደርሰው ቶምቦላ ጅራቱን ሲያጣ ሕዋሳት የራሱን የእንስሳውን ሥጋ እንደሚበሉ አይቶ ነበር። ስለዚህ በላተኛው ሕዋስ በባዕድ ላይ ብቻ ሳይሆን በተዳከመ የገዛ አካል ላይም ይነሣል። በሸመገሉ እንስሳትና ሰዎች አካል ላይ ባደረገው ምርመራም፣ ማክሮፋጅ ብሎ የሰየማቸው ትልልቅ በላተኞች የአንጎልን፣ የጉበትንና የኩላሊትን የሥራ ሕዋሳት ከብበው ሲበሉና ቦታቸውን ጅማት መሰል ሥጋ ሲይዘው ያየ መሰለው። የፀጉር መሸበትንም በዚሁ ገለጸው፤ በላተኛ ሕዋሳት ቀለሙን ከፀጉሩ ውስጥ እየለቀሙ ስለሚወስዱ ነው አለ። በዚህ አስተሳሰብ እርጅና የጠባቂውና የሚጠበቀው ሚዛን መዛባት ነው፤ ዘበኛው ባለቤቱን መብላት ሲጀምር።

ቀጣዩ ጥያቄ የሥራ ሕዋሳቱን ያዳከማቸው ምንድን ነው የሚል ነበር። መልሱን በትልቁ አንጀት ፈለገ። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ፕሮቲንን ሲያበሰብሱ ኢንዶልና ፌኖልን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ይፈጥራሉ፤ እነዚህ ወደ ደም እየገቡ በረጅም ጊዜ ሕዋሳትን ይመርዛሉ ብሎ ደመደመ። በ1901 በማንቸስተር ባደረገው ንግግር የሰውን ትልቅ አንጀት ጥቅሙ ያለፈበት፣ ጉዳቱ ግን ያላለፈ የዝግመተ ለውጥ ቅሪት አድርጎ አቀረበው። ለማስረጃም እንስሳትን አነጻጸረ። ትልቅ አንጀታቸው አጭር የሆነ ወፎች፣ በተለይ በቀቀኖች፣ በአካል መጠን ከሚስተካከሏቸው አጥቢዎች በብዙ ዕጥፍ ይኖራሉ፤ የሌሊት ወፍም እንዲሁ። ንጽጽሩ የሚስብ ቢሆንም በጥንቃቄ የተመረጡ ምሳሌዎች ክምችት ነው። ሰፊ ትልቅ አንጀት ይዞ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖረው ዝሆን ብቻውን ስሌቱን ያናጋዋል። በራሪዎቹ ለምን ረጅም ዕድሜ አገኙ ለሚለውም፣ መብረር ከአዳኝ ስለሚያስጥል ነው የሚለው የኋላ ዘመን የዝግመተ ለውጥ ማብራሪያ የተሻለ ተቀባይነት አለው።

እርጎው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወተትን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት አሲድ የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች እንደሚያግድ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በጄኔቭ ያጠና የነበረው ቡልጋሪያዊ ተማሪ ስታመን ግሪጎሮቭ በ1905 ከአገሩ እርጎ ውስጥ ባለ ዘንግ ቅርጽ ባክቴሪያ ለየ። ሜችኒኮቭ፣ እርጎ ዘወትር የሚመገቡት የቡልጋሪያ ገበሬዎች መቶ ዓመት የሚያልፉት ብዙ ናቸው የሚለውን ዘገባ ከዚህ ጋር አያያዘ፤ እሱም በየቀኑ እርጎ ይጠጣ ጀመር። ወሬው ከሳይንሱ ቀድሞ ዓለምን ዞረ። ፋርማሲዎች የደረቀ እርሾ በክኒን ሸጡ፤ በባርሴሎና በ1919 የተቋቋመው ዳኖን የተባለው የእርጎ ድርጅትም ምርቱን መጀመሪያ የሸጠው በፋርማሲ ነበር። በለንደን የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አርበትኖት ሌን ደግሞ ከሌሎች የዘመኑ ሰዎች ጋር የአንጀት መመረዝን ሐሳብ ይዞ የሕመምተኞችን ትልቅ አንጀት እስከ ማውጣት ደረሰ። አንድ መላ ምት ሳይፈተን ወደ ሕክምና ሲሻገር የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ በላይ በግልጽ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የቡልጋሪያው ማስረጃ ደካማነት ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የእነዚያ ገበሬዎች ዕድሜ በአስተማማኝ የልደት መዝገብ ላይ የቆመ አልነበረም። በባቲ፣ በከሚሴና በአጠቃላይ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም የብዙ አረጋውያን ዕድሜ የሚሰላው ጣሊያን ከገባበት፣ ከ1966ቱ ወይም ከ1977ቱ ዓ.ም. ድርቅ አንጻር ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነውና። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ችግርም አለ። ባቲ በ1977ቱ ረኀብ ከታወቁት ታላላቅ የመጠለያ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ በዚያ የሚገኝ አንድ ሽማግሌ ረጅም ዕድሜ ያገኘው በሚጠጣው ወተት ነው ለማለት፣ እንደ እሱ ወተት የጠጡና ያልተረፉት እነማን እንደነበሩ መታወቅ ይኖርበታል። የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ የመትረፍን ምክንያት መደምደም አይቻልም። ሜችኒኮቭ በባሕር ኮከቡ እጭ ላይ እሾህ የሰካው ሐሳቡ ሊወድቅ በሚችልበት ሁኔታ ሊፈትነው ነበር፤ ለቡልጋሪያ ገበሬዎች እንዲህ ያለ እሾህ አላዘጋጀም።

በአንድ ነገር ግን ከተከታዮቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። ያልተፈላ ወተት የነቀርሳና የሌሎች በሽታዎች ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ ወተቱ ተፈልቶ በንጹሕ የተለየ እርሾ እንዲረጋ ይመክር ነበር። የወሎ ቆላ ባህላዊ እርጎ በተቃራኒው በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚረጋ፣ የአንድ ባክቴሪያ ሳይሆን የብዙ ተሕዋስያን ውጤት ነው፤ ጭሱም መዓዛ ከመስጠት ባለፈ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት በባቲ የሰኞ ገበያ ዙሪያ ያለው የከብትና የግመል ወተት አያያዝ፣ የሜችኒኮቭ ጥያቄ በተሻለ ዘዴ ሊጠየቅበት የሚችል መስክ ነው። ካልተፈላ ወተት ጋር የሚመጣው የብሩሴላ በሽታ ግን ምክሩ ዛሬም እንዳልሻረ ያሳያል።

ሜችኒኮቭ በእርጅና ላይ ሲሠራ ሌሎች ጥናቶችን አላቋረጠም። ከኤሚል ሩ ጋር ቂጥኝን ወደ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ማስተላለፍ ቻለ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1892 የኮሌራ ባክቴሪያ ጠጥቶ ሳይታመም ቀርቷል። ከእሱ ቀጥሎ የጠጣ አንድ ፈቃደኛ ግን ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ሚዛን ይህ የሚያስነቅፍ ነው፤ ይሁንና ለምን እሱ ሳይታመም ቀረ የሚለው ጥያቄ የአንጀት ባክቴሪያዎች እርስ በርስ መገዳደራቸውን እንዲያጠና መርቶታል።

ሰው ዕድሜውን በሥርዓት ከኖረ፣ እንቅልፍ በድካም ላይ እንደሚመጣ፣ ሞትም ያለ ፍርሃት እንደሚመጣ ያምን ነበር። ለራሱ ግን ይህ አልተሟላለትም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወጣት ተመራማሪዎቹ ወደ ግንባር ዘመቱ፣ ቤተ ሙከራውም ባዶ ቀረ። ልቡ እየደከመ ሲሄድ የገዛ ሕመሙን እንደ አንድ የጥናት ናሙና እየመዘገበ፣ ከሞተ በኋላ አንጀቱ በጥንቃቄ እንዲመረመር ለባልደረባው አደራ አለ። ሐምሌ 1916 በ71 ዓመቱ በኢንስቲትዩቱ ግቢ ዐረፈ፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀመጠ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሬትገርና ቼፕሊን የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ሰፍሮ እንደማይኖር አሳዩ። የሸበተ ፀጉር ማብራሪያውም ወድቋል፤ ቀለም የሚያመነጩት ሕዋሳት ምንጫቸው ስለሚነጥፍ እንጂ ቀለሙ ስለተበላ አይደለም። በአንጎል ያሉት በላተኛ ሕዋሳት፣ ማይክሮግሊያ፣ ግን በአልዛይመር የአይጥ ሞዴሎች የነርቭ መገናኛዎችን እንደሚውጡ ታይቷል። ከባክቴሪያ ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦች ሲያረጁ፣ በሌሎቹ አይጦች ላይ የሚታየው የብግነት መጨመር እንዳልታየባቸው የገለጸ ጥናትም አለ። ማክሮፋጁ በሸመገለ አካል ውስጥ የደከመውን ሕዋስ የሚያጸዳ ይሁን ወይስ ገና ሊሠራ የሚችለውን ቀድሞ የሚበላ፣ ሁለቱንም የሚያደርግ ከሆነም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ምን እንደሆነ፣ የዘርፉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።